እስረኛ እንጠይቃለን፤ ለተፈታው ግን ዋስ አንሆንም

የፋሲካ ማግስት ሐዋሳ ማረሚያ ተቋም በር ላይ የቆመ ሰው ይህች ከተማ ለታሰረ ሰው ያላትን ልብ ያያል። ሳህን በፎጣ የቋጠሩ እናቶች፣ ዶሮ ወጡ እንዳይፈስ ፌስታሉን በሁለት እጃቸው የታቀፉ ልጆች፣ ጠያቂ ዘመድ ለሌለው እስረኛ ብለው በግ አርደው የመጡ የማኅበር አባላት። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ በበዓል እስረኛ መጠየቅ ከአባቶች የመጣ ወግ ነው። ሲሰናበቱ የሚሉትም አንድ ነው፦ «እግዜር ያስፈታችሁ።»

ጸሎቱ ሰምሮ ሰውየው ደጃችን ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በመጀመሪያው ቀን ቡና ይፈላል፣ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይባላል፣ አቅም ያለው በግ ይጥላል። በሳምንቱ ሰውየው ሥራ ለመግባት ዋስ ሲፈልግ ስልክ የሚያነሣለት ያጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹና በሃይማኖት አማካሪው የመጎብኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ እኛም ይህን ሕግ ሳናነብ በልማድ ስንፈጽመው ኖረናል። ከበሩ የወጣውን ሰው ማን እንደሚጠይቀው ግን ልማዳችንም አይነግረንም። ስልክ ካላነሡት ሰዎች አንዱ እኔ ስለነበርኩ ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

ከበሩ ውጭ የጠበቀው ከተማ

የሰፈራችን ልጅ ነው። ጥቅምት 2012 መጠጥ ቤት ውስጥ በተነሣ ጠብ የሰው ዓይን አጠፋ፤ 8 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። በወንጀል ሕጋችን መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ፣ ጠባዩ የታረመና አቅሙ በፈቀደ መጠን ጉዳቱን ለመካስ የሞከረ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላው። ልጁ 5 ዓመት ከ4 ወሩን ጨርሶ የካቲት 2017 ወጣ።

አምስት ዓመት ከጥቂት ወር ሲሰሙት ብዙ አይመስልም። ግን የትኞቹ አምስት ዓመታት እንደሆኑ ልብ በሉ። ሲገባ ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች። በገባ በወሩ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰኔ 2012 ሲዳማ 10ኛው ክልል ሆነ። የደቡብ ክልልም እየተከፋፈለ ሄዶ በ2015 ማብቂያ ላይ ስሙ ከቢሮዎች በር ላይ ወረደ። የልጁ የፍርድ ወረቀት ላይ ያለው ማኅተም ግን ያው የድሮው ነው። ግንቦት 2013 ቴሌብር ተጀመረ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነና የገበያው ዋጋ ሌላ ዋጋ ሆነ። ይህን ሁሉ እዚያው ውስጥ ሆኖ በቴሌቪዥን ሰምቷል። መስማትና ከኪስ አውጥቶ መክፈል ግን ለየቅል ናቸው።

የወጣ ዕለት ከእናቱ ጋር በባጃጅ ሲመጡ ሾፌሩ ሒሳቡን ነገረው። ልጁ ሊዘርፈው የፈለገ መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ፣ እጁ የባጃጁን ብረት ጨመደደ። እናቱ ናቸው ክንዱን ይዘው «ልጄ፣ እውነቱን ነው፣ አሁን እንዲህ ሆኗል» ያሉት። ወርዶ እስከ ቤቱ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። በእጁ የያዘው ብርድ ልብስ የተጠቀለለበት ፌስታልና ውስጥ ሆኖ የሠራው ባለ ሦስት እግር ዱካ ብቻ ነበር። ያን ዱካ አሁን እናቱ ቡና ሲያፈሉ ይቀመጡበታል።

ቀጥሎ የመጣው የወረቀት ጣጣ ነው። የቀበሌ መታወቂያው ጊዜው አልፏል። እናቱ የተከራዩበትን ቤት ለቀው ሌላ ቀበሌ ስለገቡ አዲሱ ቀበሌ ከቀድሞው መሸኛ አምጣ ይላል፤ የቀድሞው ደግሞ ከቤተሰብ ቅጹ ላይ አጣሁህ ይላል። የድሮ ስልክ ቁጥሩ ላይ ሲደወል የማያውቀው ሰው አነሣ። አዲስ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል፣ ለቴሌብር ሲም ያስፈልጋል፣ ባንኮችም አካውንት ለመክፈት ፋይዳ ይጠይቃሉ። እነዚህን በሮች አንድ በአንድ ለማንኳኳት ከአንድ ወር በላይ ፈጀበት። ያን ሁሉ ጊዜ ሕጋዊ ሥራ ቢያገኝ እንኳ ደሞዙ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም፣ መፍትሔውም ከታወቀ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች ኅብረተሰቡ ለእስረኛው ያለበት ግዴታ በመፈታቱ እንደማያበቃ ይናገራሉ። ዝርዝራቸው ደግሞ ልብ ይነካል፤ የሚፈታ ሰው የመታወቂያ ሰነድ፣ የሚገባበት ቤትና ሥራ፣ ለወቅቱ የሚሆን ልብስ፣ አገሩ የሚያደርሰውና ለመጀመሪያው ጊዜ የሚያቆየው ገንዘብ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ልብስና መሳፈሪያን ሳይቀር ያሰቡት ነገር የሚበላሸው በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት መሆኑን ስላወቁ ይመስለኛል። ኬንያ አመክሮንና ከእስር በኋላ ያለውን ክትትል የሚመራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አላት። እኛ ዘንድ አመክሮ በአብዛኛው የቀን ስሌት ሆኖ ቀርቷል።

የወረቀቱን ነገር ማቅለል ብዙ ወጪ የለውም። ፋይዳን ያቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው፤ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ሌላ ሰው ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድም አለ። ታራሚው ገና ውስጥ ሳለ፣ ከመፈታቱ ስድስት ወር ቀድሞ ቢመዘገብ፣ ከመፈቻ ወረቀቱ ጋር አንድ ላይ ይዞት ይወጣል። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ከ4,000 በላይ ታራሚዎች በይቅርታ ሲለቀቁ ያየነው እንዲህ ያለ ዝግጅት ሳይኖር በአንድ ጊዜ በሩን መክፈትን ነው። ያኔ አስቸኳይ ነበር፣ ይሁን። በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚደረገው ይቅርታ ግን ማንም አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው።

«ዋስ አምጣ»

ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የሚቀረው ትልቁ ነገር ዋስ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ታራሚዎች መልሶ መቋቋም በተወራ ቁጥር ስለ ሥልጠናና ስለ ምክር ብዙ ሲባል እሰማለሁ፣ ስለ ዋስ ግን ማንም ሲያነሣ አልሰማም።

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ ልትነዳ ብትል ባለቤቱ ዋስ ይጠይቃል። ሆቴል ብትገባ፣ ጥበቃ ልቀጠር ብትል፣ መጋዘን ልጠብቅ ብትል ዋስ አምጣ ትባላለህ። ዕቁብ ገብተህ ዕጣ ሲወጣልህ ገንዘቡን የምትቀበለው ዋስ አቅርበህ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተህ ብድር ብትጠይቅ አባላቱ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ማንን እንደሚያስገቡ ይመርጣሉ። ዋሱ ደግሞ እንዲሁ ሰው መሆን አይበቃውም፤ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማስረጃ የሚያጽፍ ደሞዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ይፈለጋል። አምስት ስድስት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ከሁሉ ያጣው ደግሞ ይህን ዓይነት ትውውቅ ነው። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ ተበትነዋል። የቀድሞ ሥራውም ቢሆን የለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ30 ቀን በላይ እስራት ተፈርዶበት ከሥራ የቀረን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል።

ይህን ስመረምር ያገኘሁት አንድ ነገር አስገርሞኛል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ከዋናው ቅጣት በተጨማሪ ከአንዳንድ መብቶቹ ሊሽረው ይችላል፤ ከነዚህም መካከል ከመምረጥና ከመመረጥ ጎን ለጎን ለሰነድ ምስክር ወይም ዋስ የመሆን መብት ተጠቅሷል። ሕግ አውጪው የሰውን ዋስ መሆን ከመምረጥ መብት እኩል አስቀምጦታል ማለት ነው። ትክክል ነው፤ በእኛ አገር ዋስ የሚሆን ሰው የታመነ ሰው ነው፣ ዋስ የሚያገኝም እንደዚያው። ነገር ግን ሕጉ ጥፋተኛው ለሌላ ሰው ዋስ እንዳይሆን ሊከለክል ይችላል እንጂ ሌላ ሰው ለእሱ ዋስ እንዳይሆን የትም አልከለከለም። ያንን የከለከልነው እኛው ነን።

ፍርሃታችን ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ፣ እኔም ፈርቻለሁ። «ቤቴን ያስሸጡብኛል» ነው ነገሩ። አንድ ዘመዱ ዋስ ሆኖ የደኸየ ሰው የማያውቅ ማን አለ? ግን ስለ ዋስትና ያለን ፍርሃት ሕጉ ከሚለው በጣም ይበልጣል። ከ1952 ጀምሮ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ የሚሰጥ እንጂ የሚገመት አለመሆኑን ይናገራል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያ ያልተጻፈበት የዋስትና ውልም ዋጋ የለውም ይላል። ስለዚህ ውሉ ላይ 20,000 ብር ተብሎ ከተጻፈ የፈረምከው ለ20,000 ብር ነው፤ ለቤትህ አይደለም። መጠንቀቅ ያለብህ «በአንድነትና በነጠላ» የምትለውን ሐረግ ነው፤ እሷ ካለች አሠሪው ከጥፋተኛው ሳይጀምር በቀጥታ አንተን ሊጠይቅህ ይችላል። ከሌለች መጀመሪያ የራሱ ንብረት ይታይ ለማለት ትችላለህ። ይህን የምጽፈው እንደ ጠበቃ አይደለም። ባዶ የተተወ የገንዘብ ቦታ ያለበት ቅጽ ላይ ከመፈረም በፊት ማንም አንብቦ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስለሆነ ነው።

ጣሪያው ከታወቀ ደግሞ ሸክሙን መከፋፈል ይቻላል። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት 30,000 ብር ዋስ ቢጠይቅ፣ አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው ለ3,000 ብር መፈረም ይችላሉ። አሥር ሰው ደግሞ ማንም ዕድር ውስጥ አለ። የዕድር ገንዘብ ለቀብር ነው፣ ይነካ አልልም። ነገር ግን ዕድሩ ሰው ያውቃል፤ ማን እውነት እንደታረመ፣ ማን ገና በልቡ ቂም እንደያዘ ከማንም ቢሮ ይልቅ የዕድሩ ዳኛና ጎረቤቶቹ ያውቃሉ። በፈቃዳቸው የሚፈርሙ አሥር አባላትን ማሰባሰብ ለዕድር ከድንኳን መትከል አይከብድም። ከተማ አስተዳደሩስ? ለጥቃቅን ብድር የሚመደበው ገንዘብ ላይ ትንሽ ተቆርሶ ለተፈቱ ሰዎች የመጀመሪያ ዓመት ዋስትና ቢያዝ፣ ብዙው ገንዘብ ሳይነካ ተመልሶ ይገባል፤ ዋስትና የሚከፈለው ጉዳት ሲደርስ ብቻ ነውና።

ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ወንጀል ሳይሠራ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ስንት ወጣት እያለ ለምን ለታሰረው? የከተማችን ወጣት ሥራ ማጣት እውነት ነው፤ በተለይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ ከአጎዋ፣ ካስወጣች ከ2014 ወዲህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የነበረውን ያህል ሰው አልያዘም። ነገር ግን የተፈታው ሰው ሥራ አገኘም አጣ ከእኛው ጎን ነው የሚኖረው። ሥራ ያለው ወጣት ሥራ አጥ ወንድሙን ቤቱ ያሳድራል፤ ከእስር የወጣውን የሚያሳድረው ግን ብዙ ጊዜ የቀድሞ ጓደኛው ነው፣ ያው ወደ እስር ቤት የመራው ጓደኛ። ለሁሉም ሰው ማንኛውም ሥራ ይሰጥ ማለቴም አይደለም። ሕፃን ላይ ጥቃት ያደረሰ ሰው ትምህርት ቤት በር ላይ ጥበቃ አይሁን፤ ገንዘብ ያጎደለ ሰው ወዲያው ካዝና አይያዝ። ሰካራም ሆኖ የተጣላ ልጅ እንጨት እንዳይልግ ግን ምን ይከለክለዋል?

ስለ ሴቶቹ አጭር ነገር ልበል፤ ቁጥራቸው ከወንዶቹ ያንስ እንጂ ጫናው አያንስም። ወንድ ልጅ ሲፈታ በግ የሚታረድበት ቤት ሴት ልጅ ስትፈታ በማታ ትገባለች። ልጇን ይዛ ታስራ ከሆነ ልጁም ከእሷ ጋር ስም ይወጣለታል። ውስጥ ሆና ስፌት የተማረች ሴት የምትቀጠርበት ልብስ ሰፊ በከተማው አይጠፋም፤ የብቃት ምዘናውን ማረሚያ ተቋሙ ውስጥ ሳለች ብትፈተንና የምስክር ወረቀቱ ላይ የእስር ቤት ስም ባይኖር፣ ስለ እጇ ሙያ እንጂ ስለ ታሪኳ ሳትጠየቅ ትገባለች።

መሰየም

ብዙ አሠሪዎች ከዋስ ጋር ከፖሊስ የሚሰጥ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጠይቃሉ። አሻራ ይሰጣል፣ ስሙ ይወጣል፣ ነገሩ ያበቃል። እዚህ ላይ ሰፈር ውስጥ ሳወራ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው ያላገኘሁለት የሕግ መንገድ አለ፤ ሕጉ መሰየም ይለዋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ስሙ እንዲታደስ መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ጽኑ እስራት ለተፈረደበት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለቀላሉ 2 ዓመት ማለፍ አለበት፤ በዚያ ጊዜ በመልካም ጠባይ መኖሩ፣ ጉዳቱን በአቅሙ መካሱ ይታያል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በክፋት ተነሣሥቶ «አንተ እስረኛ» ብሎ የድሮ ቅጣቱን የሚያነሣበት ሰው በክብር ማጉደፍ ሊጠየቅ ይችላል። ምን ያህል ሰው የሚሸሸው ስድብ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ሳያውቅ ሰፈር እንደቀየረ ሳስብ ያሳዝነኛል።

የሕጉ ክፍተት ግን የጊዜው ርዝመት ነው። ለሰፈራችን ልጅ ቢፈጥን 2022 ላይ ይደርሳል። እስከዚያ የሚበላው ዛሬ ነው። ስለዚህ መሰየም የዋስን ቦታ አይተካም፤ ሆኖም ማረሚያ ተቋሙ ለሚወጣ ሰው ሁሉ «ይህን ቀን ጻፍ፣ ያን ዕለት ማመልከት ትችላለህ» ብሎ በአንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጠው፣ ሰውየው አምስቱን ዓመት የሚቆጥረው ወደ አንድ ነገር እየሄደ ይሆናል።

ዓይኑን ያጣው ሰው

እስካሁን ያልጠቀስኩት አንድ ሰው አለ፤ እሱም እዚሁ ሐዋሳ ነው የሚኖረው። በዚያ ምሽት አንድ ዓይኑን ያጣው ሰው። እሱን ወደ ጎን ትቶ ስለ ተፈታው ልጅ መጻፍ ነውር ነው።

በሲዳማ ባህል ነገር የሚጀመረው በጥያቄ ነው፤ «አፊኒ?» ይባላል፣ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ጉዳዩ ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል፣ ሁሉም ይሰማል፣ እውነቱ፣ ሀላሌው ይፈለጋል። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት በተመዘገበው በፍቼ ጨምባላላም የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር የለበትም። ፍርድ ቤት ቀጥቶ ሲጨርስ ይህ ሥራ አልቋል ማለት አይደለም። ይቅርታ ሲጠየቅ ከተጎጂው ጋር ዕርቅ መውረዱ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። ችግሩ ዕርቁ ብዙ ጊዜ ለመፈቻ የሚሆን ወረቀት ለማግኘት ይሮጥበትና ከዚያ ይረሳል።

የልጁ እናት ሽማግሌ ይዘው ወደ ተጎጂው ቤት ሦስት ጊዜ ሄደዋል። በመጀመሪያው አልተከፈተላቸውም። በሁለተኛው የተጎጂው ሚስት ወጥታ «እናንተ ልጃችሁ ተመለሰላችሁ፣ የእኔ ባል ዓይን አይመለስም» ብላቸው በሩን ዘጋች። በሦስተኛው ሰውየው ራሱ ተቀመጠ፣ ሰማ፣ እንዲህም አለ፦ ካሣውን በአንዴ አልጠይቅም፣ በየወሩ ይክፈለኝ፣ ግን መጀመሪያ ሥራ ይግባ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ለልጁ ሥራ ማጣት ከኔ ይልቅ የተጨነቀው የተጎዳው ሰው ነበር። ካሣው የሚከፈለው፣ አመክሮው የሚጠበቀው፣ መሰየሙም አንድ ቀን የሚገኘው ከዚያ ሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ የቆመው በአንድ ፊርማ ላይ ነበር።

ያን ማታ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ደውዬ...» ብሎ ሊጀምር ሲል ቆረጥኩትና ሥራ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅሁት። በነጋታው አብረን ሄድን። የሥራ ቤቱ ባለቤት ቅጹን አወጣ፤ የገንዘቡ ቦታ ባዶ ነበር። እዚያ ላይ ቁጥር እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ተከራከርን፤ በመጨረሻ 30,000 ብር በአኃዝም በፊደልም ጻፍንበት። «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋን ባለቤቱ ራሱ ሰረዛት፣ አጠገቧ ፈረመ። ልጁ ግድግዳው ሥር ቆሞ እስክሪብቶውን ሲያይ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በዚያ ሳልፍ መላጊያውን ይዞ አጎንብሷል፤ የእንጨቱ ልጣጭ ጫማው ላይ ተከምሯል። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፣ ተመልሶም መላጉን ቀጠለ።